ከተራራው የቀረው ሥሩ ነው



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ ያቀረቡልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፤ “አህጉራት በጥንት ዘመን ተጋጭተዋል ትላላችሁ፤ ማን አይቶ ነው?” የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከ600 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሆነ ስለሚባል ነገር የሚናገር ሰው በምን እንዳወቀ መጠየቅ አለበት፤ “ሊቃውንት እንዲህ ይላሉ” ማለትም መልስ አይሆነውም። ስለዚህ ዛሬ ከእናንተ ጋር ማስረጃውን እያነሳን እንመረምራለን፤ የትኛው ይጸናል፣ የትኛው ይላላል፣ የትኛውስ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። የምሟገትለትን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። የአህጉራትን ግጭት ብቻውን የሚያረጋግጥ ማዕድን የለም፤ ብቻውን የሚያረጋግጥ ድንጋይም የለም። የሚያረጋግጠው ድንጋዩ የሄደበት መንገድ ነው። ምን ያህል ጥልቀት ወረደ? እዚያ ምን ያህል ጋለ? መቼ ወርዶ መቼ ወጣ? ጥልቀት፣ ሙቀት፣ ጊዜ። ሦስቱ ሲገጥሙ እንፈርዳለን፤ ካልገጠሙ ፍርዱ ይቆያል። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ድንጋይ እንደምናወራ እንስማማ። አብዛኛውን የኢትዮጵያ ደጋ ያለበሰው፣ የቤት መሠረት የምንጥልበትና ለኮብልስቶን የምንጠርበው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። እሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ከምድር ውስጥ ፈስሶ የረጋ ነውና የዛሬ ርእሳችን አይደለም። ከሥሩ ግን በዕድሜ እጅግ የሚበልጠው ሌላ መሬት አለ። በትግራይ፣ በወለጋ፣ በቤንሻንጉል፣ በጉጂ፣ በቦረናና በሐረር አካባቢ የላዩ ልብስ ተገፎ ይታያል። በባንክ አዳራሽና በሆቴል ደረጃ ላይ የምትረግጡት እብነ በረድ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ወይም ከትግራይ የመጣ ከሆነ ከዚህ መሬት ተቆርጦ የመጣ ነው። ያ እብነ በረድ በፊት የኖራ ድንጋይ ነበር፤ የኖራ ድንጋዩም ከዚያ በፊት የባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ደለል። ድንጋዩ ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ በሙቀትና በግፊት ብዛት ቅንጣቶቹ እንደገና አደጉ፤ የነበረው መልክ ጠፍቶ አዲስ መልክ ወጣ። ሜታሞርፊክ ወይም ልውጥ አለት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። ጭቃም ከሆነ መነሻው፣ ለውጡ ሲጀምር በስሱ የሚሰነጠቅ ስሌት ይሆናል፤ ሲገፋ በማይካ የሚያብለጨልጭ ሺስት፣ ይበልጥ ሲገፋ ነጭና ጥቁር መስመር የሚያወጣ ናይስ ይሆናል።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አድማጭ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። ድንጋይ ሲሞቅ የሚለወጥ ከሆነ ሲቀዘቅዝስ ለምን ወደ ቀድሞው አይመለስም? ከተመለሰ እኮ የምናነበው ነገር አይኖረንም። ሸክላ ሠሪ እንስራዋን ከተኮሰች በኋላ እንስራው ይቀዘቅዛል፣ ውሃም ይሞላበታል፤ ነገር ግን ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በእሳቱ ጊዜ በጭቃው ሥሪት ውስጥ የነበረው ውሃ ተነቅሎ ወጥቷልና። አለቱም ወደ ጥልቀት ሲወርድና ሲግል በማዕድናቱ ውስጥ የታሰረውን ውሃ ያወጣል፤ ውሃውም ወደ ላይ ያመልጣል። በመልሱ ጉዞ ለውጡን የሚያፋጥነው ውሃ ስለሌለ፣ ሙቀቱም እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የጥልቀቱ ማዕድናት እንዳሉ ተይዘው ይቀራሉ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ጫፍ ጫፋቸው ይበላል፣ በስንጥቅ የገባ ውሃ ያበላሻቸዋል። ለማንበብ የሚበቃው ግን ይተርፋል።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዳዮች፣ ወደ ጥልቀትና ወደ ሙቀት እንግባ። በምድር ቅርፊት ውስጥ በየ3.5 ኪሎ ሜትሩ ግፊቱ ወደ አንድ ኪሎ ባር ይጨምራል፤ ይህም በምድር ላይ ከምንሸከመው የአየር ግፊት 1,000 እጥፍ ገደማ ነው። ሙቀቱ ደግሞ በተለመደ ቦታ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ይላል። ማዕድናት ለሁለቱም ስሜት አላቸው። ግልጹ ምሳሌ አንዳሉሳይት፣ ካያናይትና ሲሊማናይት የሚባሉት ሦስቱ ናቸው። የተሠሩበት ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ኦክስጅን፣ መጠኑም እኩል። የሚለያዩት አተሞቹ በተደረደሩበት ሁኔታ ብቻ ነው። ግፊት ሲበረታ ተጠጋግተው የተደረደሩበት ካያናይት ይወጣል፤ ግፊት ሲላላ አንዳሉሳይት፤ ሙቀት ሲያይል ሲሊማናይት። ሦስቱ የሚገናኙበት ነጥብ በቤተ ሙከራ ተለክቷል፤ ወደ 500 ዲግሪና ወደ 4 ኪሎ ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ጭቃ የነበረ ሺስት ውስጥ ካያናይት ያገኘ ሰው፣ ይህ ጭቃ አንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ወርዶ ነበር ለማለት መብት አለው። ጆርጅ ባሮ የተባለው ጂኦሎጂስት በ1893 በስኮትላንድ ደጋ ማዕድናቱ በተራ እንደሚለዋወጡ አሳይቶ ነበር፤ ወደ አንድ አቅጣጫ በተሄደ ቁጥር ማይካው፣ ከዚያ ጋርኔቱ፣ ከዚያ ካያናይቱ፣ በመጨረሻም ሲሊማናይቱ ይመጣል። ተራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሚገርመው ባሮ ራሱ መንስኤውን የገለጸው በሌላ መንገድ መሆኑ ነው፤ ሙቀቱን ሁሉ ያመጣው ውስጥ ለውስጥ የገባ ግራናይት ነው ብሎ ነበር። ወደዚህ ሐሳብ እመለሳለሁ፤ ዛሬም የሚነሳ ተቃውሞ ነውና።

ከማዕድናቱ ሁሉ ለእኔ ብዙ የሚናገረው ጋርኔት ነው። በሺስት ላይ እንደ ቀይ ነጠብጣብ ጎልቶ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ማዕድን ማለት ነው። ድንጋዩን በአልማዝ መጋዝ ቆርጠው፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ጋርኔቱ ወጥ አይደለም። ከመሐሉ ጀምሮ ወደ ዳር ያደገ ነው፤ መሐሉ ላይ ማንጋኒዝ ይበዛል፣ ወደ ዳር ሲሄዱ ማንጋኒዙ እየቀነሰ ማግኒዢየሙ ይጨምራል። ይህ ጋርኔቱ እያደገ ሳለ ሙቀቱ እየጨመረ መሄዱን ይናገራል። እያደገ ሲሄድ አጠገቡ የነበሩትን ቅንጣቶች ውጦ አስቀርቷቸዋል፤ መሐሉ ላይ የተዋጡት ከዳሩ ከተዋጡት ይለያሉ፤ አንዳንዴም የተዋጡት ቅንጣቶች መስመር ተጠማዞ ይታያል፤ ጋርኔቱ እያደገ አለቱ በዙሪያው እየተሸራተተ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ሽምብራ በምታህል ነገር ውስጥ መነሻውም፣ መውረዱም፣ መጋሉም፣ መጠምዘዙም በቅደም ተከተል ተመዝግቧል። መንገድ ያልኳችሁ ይህንን ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ሊያስረዳው ይችላል፤ ተከታታይ ነጥቦችን ማስረዳት ግን ይከብዳል።

ታዲያ ድንጋይ ወረደ ማለት አህጉር ተጋጨ ማለት ነው? አይደለም። የውቅያኖስ ወለል ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ከባድ ነውና ከአህጉር ሥር እየገባ ከቅርፊቱ በታች ወዳለው ማንትል ይሰምጣል። የአህጉር ቅርፊት ግን ቀላል ነው፤ መስመጥን እምቢ ይላል። በሁለት አህጉራት መካከል የነበረው ውቅያኖስ ሰምጦ ሲያልቅ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይነባበራል፣ ቅርፊቱ ይወፍራል። ሕንድ እስያን የገጠመችው ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዛሬ የቲቤት ቅርፊት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይወፍራል፣ ከተለመደው አህጉር እጥፍ ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ያዙልኝ። አሁን በሌላ ቦታ፣ ተራራ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ የ10 ኪሎ ባር ግፊት የመዘገበ አለት ብናገኝስ? ያ አለት 35 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከሥሩ ያለውን ቅርፊት በምድር መንቀጥቀጥ ሞገድ ስንለካው 35 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። ከላዩ የተነሳው 35፣ ከሥሩ ያለው 35፤ ሲደመር 70። አንድ ጊዜ በዚያ ሜዳ ላይ ቲቤት የሚያህል ነገር ቆሞ ነበር። ሒሳቡ የሚማርክ ነው፤ ፍጹም ግን አይደለም። ከሥር ያለው ቅርፊት በኋላ ዘመን ከማንትል በወጣ ቅላጭ፣ ማለትም በቀለጠ አለት፣ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አቅጣጫውን ያሳያል።

“ደለል ብቻ ተጭኖት ቢሆንስ?” የሚል ይኖራል። ደለል በዓለም ላይ እጅግ ጥልቅ በሆኑት ተፋሰሶች እንኳ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። የካያናይቱ ጉዳይ ሊያከራክር ይችላል እንበል፤ የኮሳይቱ ጉዳይ ግን አያከራክርም። ኮሳይት ማለት በአሸዋ ውስጥ የምናውቀው ኳርትዝ በከባድ ግፊት ሲታመቅ የሚይዘው ቅርጽ ነው፤ ለመሠራት ወደ 90 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ይፈልጋል። በ1984 ክርስቲያን ሾፓን በጣሊያን አልፕስ ዶራ ማይራ በተባለ ቦታ፣ ጋርኔት ውስጥ ተዘግቶበት አገኘው። በዚያው ዓመት በኖርዌይም ተገኘ። አለቶቹ የውቅያኖስ ወለል ብቻ አልነበሩም፤ አህጉር የነበሩም አሉባቸው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የአህጉር ቅርፊት ያን ያህል ወርዶ ይመለሳል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም። ግኝቱ የሙያውን ሰዎች አስተሳሰብ ለወጠ፤ ቀላሉ አህጉር በከባዱ ውቅያኖስ እየተጎተተ ለጥቂት ጊዜ ሊሰምጥ ይችላል፣ ከዚያም ተበጥሶ ይንሳፈፋል።

ሦስተኛው ነገር ጊዜ ነው። እዚህ የሚረዳን ዚርኮን የሚባል ከአሸዋ ቅንጣት የማይተልቅ ማዕድን ነው። ዚርኮን ሲያድግ ዩራኒየምን ወደ ውስጡ ያስገባል፣ እርሳስን ግን አይቀበልም። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል ዩራኒየሙ ሲፈርስ የተገኘ ነው። ዩራኒየም ሁለት ዓይነት አለው፤ የአንዱ ግማሽ ለመፍረስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ የሌላው ግማሽ 704 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። በአንድ ቅንጣት ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል። ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ነገር መበላሸቱን እናውቃለን። ጥንቃቄም ይጠይቃል። ዚርኮን ሙቀትን ይቋቋማል፤ አሮጌው እምብርት ሳይጠፋ በላዩ አዲስ ሽፋን ያድጋል። እምብርቱን የለካ ሰው ድንጋዩ መጀመሪያ ግራናይት ሆኖ የረጋበትን ዘመን ያገኛል፤ ሽፋኑን የለካ ደግሞ የለውጡን ዘመን። ሁለቱን ያደባለቀ ያልነበረ ዘመን ይፈጥራል፤ በቀደመው ጊዜ ብዙ ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ መሣሪያዎቹን ካወቅን ወደ ራሳችን መሬት እንምጣ። ከግብፅ ምሥራቃዊ በረሃና ከሳዑዲ ዓረቢያ ምዕራብ ተነስቶ በሱዳን፣ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በኩል እስከ ሞዛምቢክ የሚወርድ የጥንት ተራራ ቅሪት አለ። ደቡባዊ ክፍሉን የሞዛምቢክ ቀበቶ ብሎ በ1951 የሰየመው እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ ነው። ሮበርት ስተርን ደግሞ በ1994 ሰሜኑንና ደቡቡን እንደ አንድ ታሪክ አድርጎ ጻፈው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ በመካከሉ የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የተባለ ባሕር ነበር፤ ባሕሩ ሲዘጋ በውስጡ የነበሩ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ተጨፈላልቀው ተጣበቁ፤ በመጨረሻም ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት አሮጌ አህጉራት ገጠሙ፤ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉርም ተሠራ። ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ የሆነ ነው። ይህንን ታሪክ በሁለት ቦታዎች እንፈትነው።

የመጀመሪያው ትግራይ ነው። ከውቅሮ ወደ አዲግራት ስትሄዱ ነጋሽን ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ በአል ነጃሺ መስጊድ ታውቁታላችሁ። በዚያ ዙሪያ ያለው ስሌትና ጠቆር ያለ የኖራ ድንጋይ የባሕር ደለል ነበር። ከላያቸው ደቃቅ ጭቃ ውስጥ ልዩ ልዩ ጠጠር የተሰገሰገበት፣ በረዶ ያመጣው አለት አለ፤ ምድር ከሞላ ጎደል በበረዶ ተሸፍና ነበር ከሚባልበት ዘመን፣ ወደ 717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከነበረው፣ ጋር ይያያዛል። ይህ ሁሉ ሲከማች በአግድም ነበር። ዛሬ ግን ከሁለት ወገን ወደ መሐል አዘቅዝቆ፣ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ታጥፎ ይታያል። እጥፋቱ ሊያበቃ ሲል የገባው የነጋሽ ግራናይት ዕድሜው ወደ 610 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአካባቢው በተቆራረጠው እጥፋት ላይ ደግሞ የእንትጮ አሸዋ ድንጋይ በአግድም፣ ሳይነካ ተኝቷል፤ የእሱ ዕድሜ ከ440 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። እስቲ አስተውሉት፤ 717 ላይ ደለል ይከማቻል፣ ወደ 610 አካባቢ መጨፍለቁ ወደ ማብቂያው ይደርሳል፣ አሸዋው ከመምጣቱ በፊት ተራራው ተልጦ ሜዳ ይሆናል። ጊዜው ገጥሟል። ጥልቀቱ ግን? በትግራይ የምናገኘው ዝቅተኛ ለውጥ ነው፤ አረንጓዴ ክሎራይት፣ ስሌት፣ ጥቂት መቶ ዲግሪ ብቻ ያየ አለት። ካያናይት የሚያወጣ ጥልቀት አይታይም። ሐቀኛ ፍርድ መስጠት ካለብን፣ ትግራይ ብቻዋን ብትቆም ቲቤትን የሚያህል ግጭት አታረጋግጥም። የምታረጋግጠው ደሴቶችና የባሕር ደለል በጠባብ ስፍራ መጨመቃቸውን ነው። ይህ ድክመት አይመስለኝም፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ምስክርነት ቢሰጥ ኖሮ ይበልጥ እጠራጠር ነበር።

ሁለተኛው ጉጂ ነው። በአዶላ ወይም በክብረ መንግሥት እና በሻኪሶ ዙሪያ ወርቅ የሚታጠብባቸው ጠባብ ቀበቶዎች አሉ፤ የለገደምቢ ወርቅም ከዚያ ነው። በቀበቶዎቹ ውስጥ ሰርፔንቲናይትና ታልክ ያለበት ለስላሳ ድንጋይ ይገኛል፤ እነዚህ ከማንትል የመጡ ከባድ አለቶች ውሃ ሲገባባቸው የሚሆኑት ናቸው። በግራና በቀኝ ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት ያየ፣ መስመር የሚያወጣ፣ አንዳንድ ቦታ መቅለጥ የጀመረ ናይስ ይቆማል። ከማንትል የወጣ አለት በአህጉር ናይስ መካከል በቀጭኑ ተቆንጥጦ ምን ይሠራል? ብዙ የሙያው ሰዎች የሚሰጡት መልስ ውቅያኖስ ተዘግቶ የቀረ ስፌት ነው የሚል ነው። ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ስንወርድ ጥልቀቱ ይበልጥ ይጨምራል፤ በፓሬና በኡሳምባራ ተራሮች ወደ 800 ዲግሪና 10 ኪሎ ባር ገደማ ያዩ፣ ግራኑላይት የሚባሉ አለቶች ገሃድ ወጥተዋል፤ የለውጣቸው ዘመንም ከ655 እስከ 610 ሚሊዮን ዓመት ባለው ውስጥ ነው። ያው ተራራ በሰሜን ከላይኛው ክፍሉ፣ በደቡብ ከሥሩ ተቆርጦ ይታያል ማለት ነው።

እስካሁን ያቀረብኩት ለአንድ ወገን ነው። አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ፤ ቀላሉን አስቀድሜ። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያን ጥንታዊ አለቶች የመደቡት ካዝሚንና ባልደረቦቹ ታችኛ፣ መካከለኛና ላይኛ ብለው ከፍለዋቸው ነበር፤ በጣም የተለወጠው ናይስ በጣም አሮጌው ነው ከሚል ግምት። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የጉጂ ናይስ ከግጭቱ በእጅጉ ይቀድምና እኔ የምለው ይፈርስ ነበር። ዚርኮን ሲለካ ግን ብዙው ናይስ ከጎኑ ካለው ስሌትና ሺስት ጋር ተቀራራቢ ዘመን ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ የጥልቀት እንጂ የዕድሜ አልነበረም። በምሥራቅ በሐረር በኩል ግን በእርግጥ አሮጌ የሆነ ቅርፊት አሻራ አለ። ያኔ የነበረው ምደባ በነበረው መሣሪያ የተሠራ ጥሩ ሥራ ነው፤ ዛሬም በየመጽሐፉ ሳይመረመር መደገሙ ግን ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው የባሮ ተቃውሞ ነው፤ ሙቀቱን ያመጣው ግራናይት ቢሆንስ? ግራናይት በእርግጥ ዙሪያውን ያበስላል። የነጋሹን ብቻ ብታዩ በዙሪያው ያለውን ስሌት በጠባብ ቀለበት ለውጦታል፤ ከቀለበቱ ውጭ ስሌቱ ስሌት ነው። ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚዘልቀውን ለውጥ ግን በዚህ ቀለበት ማስረዳት አይቻልም። ከዚህም በላይ ግራናይት ሙቀት ያመጣል እንጂ ግፊት አያመጣም።

ከባዱ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ ከታንዛኒያም የሚነሳ ነው። ቅርፊት በግጭት ሲወፍር መጀመሪያ ግፊቱ ይወጣል፤ ሙቀቱ በኋላ ይደርሳል። በወፈረው ቅርፊት ውስጥ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም እየፈረሱ አለቱን እስኪያግሉት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይወስዳል፤ ያኔ ደግሞ ከላይ እየተሸረሸረ ግፊቱ መላላት ይጀምራል። የምሥራቅ ታንዛኒያ ግራኑላይቶች ግን በተቃራኒው ነው የሄዱት። መጀመሪያ ጋሉ፣ ከዚያ ግፊቱ ጨመረ፣ ከዚያ ሳይወጡ እዚያው ጥልቀት ላይ ቀስ ብለው ቀዘቀዙ። ይህን ያሳዩት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በ1998 ያወጡት ሥራ፣ አለቶቹ በአህጉር ዳር ላይ ከሥር በገባ ቅላጭ የጋሉ ናቸው የሚል ነው። እንግዲህ ቅድም ያልኳችሁ 35 ሲደመር 35 እዚህ ላይ ይደናቀፋል፤ ከሥር የተጨመረ ቅላጭ አለና። ለዚህ ተቃውሞ የምሰጠው መልስ ግማሽ መቀበል ነው። የ640 ሚሊዮን ዓመቱ ሙቀት የግጭቱ ሳይሆን ከግጭቱ በፊት ውቅያኖሱ እየሰመጠ ሳለ የነበረው የእሳተ ገሞራ ዳር ሊሆን ይችላል። ይህም የመጨረሻውን መግጠም ወደ 550 ያቀርበዋል፤ አንዳንዶች እንደሚሉትም አንድ ግጭት ሳይሆን በየተራ የመጡ ሁለት ግጭቶች ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህንን ተቃውሞ ያስነሳው ምንድን ነው? የሙቀትና የግፊት ከፍታ አይደለም፤ እሱ ከግጭት ጋር ይስማማል። ያስነሳው ቅደም ተከተሉ ነው። መንገዱን ማንበብ ባይቻል ኖሮ ስሕተታችንን አናውቅም ነበር።

እዚያው ታንዛኒያ፣ ኡሳጋራ በተባለው ክፍል፣ 2 ቢሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ኤክሎጃይቶች አሉ፤ ለመሠራት ከባድ ግፊት የሚፈልጉ ናቸው። ከጎንድዋና ብዙ ቀድሞ ሌላ የውቅያኖስ ወለል እዚያ ሰምጦ ነበር ማለት ነው። ዚርኮኑን ሳይለካ ሁሉንም በአንድ ግጭት የሚያጠቃልል ሰው ሁለት ታሪክ ያደባልቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለብቻው መነሳት ይፈልጋል፤ ከጥያቄና መልሱ በፊት ባስቀድመው ይሻላል። “ሰሜን ተራራ፣ ራስ ደጀን፣ የዚያ ግጭት ውጤት ነው?” የሚል። አይደለም። ራስ ደጀን የእሳተ ገሞራ ክምር ነው፤ ከግጭቱ በ500 ሚሊዮን ዓመታት ይዘገያል። የግጭቱ ተራራ ከእንትጮ አሸዋ ድንጋይ በፊት ተልጦ አልቋል። የዛሬ ከፍታችንና የጥንቱ ተራራ በአንድ አገር ላይ ከመሆናቸው በቀር ዝምድና የላቸውም። ሥሩን የምናገኘው ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለው መሬት ነው፤ በምዕራቡ ቆላ፣ በጉጂ ሸለቆዎች።

ከጉጂ ሳንወጣ በአንድ ማዕድን ልጨርስ። በሻኪሶ አካባቢ በቅርብ ዓመታት መረግድ መውጣት ጀምሯል፤ የዓለም ገበያም አውቆታል። መረግድ የሚሠራው ቤሪሊየምና ክሮሚየም ሲገናኙ ነው፤ ችግሩ ሁለቱ በተፈጥሮ ብዙ ጊዜ የማይገናኙ መሆናቸው ነው። ክሮሚየም ከማንትል በመጡ ከባድ አለቶች ውስጥ ነው ያለው፤ በሰርፔንቲናይቱና በታልኩ ውስጥ። ቤሪሊየም ደግሞ የአህጉር ቅርፊት ቀልጦ ሲረጋ መጨረሻ ላይ በሚቀረው ፈሳሽ፣ ፔግማታይት በሚባለው ውስጥ ይከማቻል። በሻኪሶ ፔግማታይቱ ሰርፔንቲናይቱን ሰንጥቆ ገባ፤ በተገናኙበት ዳር አለቱ ወደ ጥቁር ማይካ ተለወጠ፣ በማይካው ውስጥ አረንጓዴው ክሪስታል አደገ። በዚያው አካባቢ ታንታለም የሚወጣበት የቀንጢቻ ፔግማታይት ተለክቶ ወደ 530 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ከግጭቱ ትንሽ ዘግይቷል፤ የወፈረው ቅርፊት ግሎ ከሥሩ መቅለጥ እስኪጀምር የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የሻኪሶን መረግድ የያዘ ሰው የውቅያኖሱን ወለልና የአህጉሩን ቅላጭ በአንድ ላይ ይዟል። የመረግዱ የራሱ ዕድሜ ከቀንጢቻ ጋር ይገጥም እንደሆነ አብሮት ያደገውን ማይካ በመለካት የሚታወቅ ነው፤ ማይካው ደግሞ ዋጋ የለውም ተብሎ በየጉድጓዱ አፍ የሚጣለው ነው።